ቁጣ የጾም ነው

ለከተማችን ቁጡ ወንዶች ምስጋና ይድረሳቸው! መገናኛ ላይ መብራቱ ገና አረንጓዴ ሳይሆን ክላክሱ ይጮኻል። ሚኒባስ ጣልቃ ከገባማ መስኮቱ ይወርዳል፣ ግማሽ ገላ ይወጣል፣ «ማን መሰልኩህ?» ይመጣል። ሚኒባሱ ማን እንደመሰለው ሳይናገር ሄዷል። ወንድ ልጅ ግን ካልተቆጣ በምን ይታወቃል?

ደግሞ ለጤናው ያለው ጥንቃቄ! ሐኪሙ «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል» ካለው ወዲህ ክትፎ ሲቀርብ ፊቱን ያዞራል። ቤቱ ቅቤ አይገባም። ወጡ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ካየ «ልትገድሉኝ ነው?» ብሎ ጠረጴዛውን ይነርተዋል። ሳህኑ ይዘላል፣ ልጆቹ ይደነግጣሉ፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ለጤና ሲባል የማይደረግ የለም።

ሰውነቱም ታዛዥ ነው። ጌታው ሲቆጣ ጠብ የመጣ መስሎት አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ ከተከማቸው ስብ እየቀነሰ ወደ ደም ይልካል። ለሚሮጥ ወይም ለሚታገል ሰው ስንቅ ነው። የእኛ ሰው ግን ከመሪው ጀርባ ተቀምጧል። ያልተበላው ስንቅ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበትም ከኮሌስትሮል ጋር ጠቅልሎ መልሶ ወደ ደም ይረጨዋል። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። በሁዳዴም ይሠራል!

ፈረንጆቹ ይህን ሲደርሱበት ስንት ለፍተዋል። ሜየር ፍሪድማንና ሬይ ሮዘንማን የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የልብ ሐኪሞች የሂሳብ ሠራተኞችን ደም ለወራት ሲመረምሩ ቆይተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1958 አወጡ። የግብር ማሳወቂያው ቀን ሲደርስ፣ አበላላቸው ሳይለወጥ፣ ኮሌስትሮላቸው ወጣ። ቀኑ ሲያልፍ ወረደ። ምስኪኖች፣ መናደድ እንኳ አልቻሉም፤ የሥራ ጥድፊያ ብቻ ነው። እሱንም የሚያገኙት በዓመት አንዴ ነው። የእኛ ሰው ጠዋትና ማታ፣ ያለ ግብር ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ሌሎች አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ከኃይለኛ ቁጣ በኋላ ባሉት 2 ሰዓታት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመምጣቱ ዕድል ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ጻፉ። 2 ሰዓት! በእኛ መንገድ ገና ቤት አልተደረሰም እኮ።

ሰሞኑን ጀግናችን የላብራቶሪ ውጤቱን ሊቀበል ሄደ። ከ200 በታች መሆን የነበረበት የኮሌስትሮሉ ቁጥር ጭራሽ ጨምሯል። ቅቤ ካቆመ ስንት ጊዜው! ቆሽቱ አረረ። «ማሽናችሁ ነው የተበላሸው! ኃላፊውን ጥሩልኝ!» ኮሪደሩ ተናወጠ። ነርሷ «ጋሼ፣ እስቲ ግፊትዎን ልለካዎት» ብላ ቀረበች።

«አልለካም!» አላት።