ሰባት በመቶ በምርቃና

ብረት ሳይነካ የብረት ሊቅ የሚሆን ሰው እንደ ድሬ የት ይገኛል? ምስጋና ይገባናል።

ያቺን ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የምትዞረውን ቪዲዮ አይታችኋል፤ ያላየ የለም። ዲትሮይት ያለው ጋሪ ኮላ፣ በራሱ የተማረ ሰው፣ አረብ ብረትን ከ10 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ አግሎ ያቀዘቅዛል። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጀመሪያ አላመኑትም። ፈትነው በፈረንጆቹ 2011 ተናገሩ፦ ከሌሎች ጠንካራ የመኪና ብረቶች በ7 በመቶ ይበልጣል፣ ሳይሰበርም ይለጠጣል። አሮጌ ወሬ ነው። ለእኛ ግን ትኩስ ነው።

ጠዋት ከዚራ ሻይ ቤት 7 በመቶ ነበር። ደቻቱን ሲሻገር «በመቶ» የምትለዋ አሸዋው ላይ ወደቀች፤ መጋላ የገባው 7 እጥፍ ነው። 8 ሰዓት ላይ፣ እኔ በርጫ በተቀመጥኩበት ቤት፣ 70 ሆነ።

ትራስ የተደገፈው ሊቃችን ጉንጩን ወጥሮ ያሰላል። «ዋርያ፣ ከዚህ ብረት ባጃጅ ቢሠራ ስንት ኪሎ ይሆናል? ምንም! ነጂው በብብቱ ይዞት ደንገጎን ይወጣል። ሐሮማያ ሲደርስ ያወርደውና ይነዳዋል። ሲደክመው ይሸከመዋል። ቤንዚን ቀረ!» ለውዝ አነሳ። «ሐዲዱንስ? እንደ ፓስታ አቅጥነን እስከ ጅቡቲ! ተጠቅልሎ በጆንያ ይገባል። ባቡሩ ከኋላው እየጠቀለለ ይሄዳል፣ ሌባ እንዳይነካው።» ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ያቺ የማትቀረው መጣች፦ «ይሄማ አያቶቻችን ድሮ የሚያውቁት ነው።»

የማን አያት? ብረት አግሎ ውሃ የሚነክረውን ሰው ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ብሎ የሰደበው፣ ልጁን እንዳያገባ የከለከለው የማን አያት ነው? በቁማቸው ጎረቤት ነሷቸው። ዛሬ እውቀታቸውን ውርስ ትላላችሁ። አታፍሩም?

ይህን ጮክ ብዬ አላልኩም። ምርቃና ማበላሸት ነውር ነው።

11 ሰዓት ገደማ በያጁ ልጅ መጣ፤ የግቢው በር ማጠፊያ ከወደቀ ሳምንቱ ነው። መነጽር የለውም፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። አይቶ ዋጋ ነገረ። ሊቁ ከትራሱ ቀና አለ።

«ለሁለት ነጥብ ብየዳ? ይሄ እኮ ብረት ነው፣ ወርቅ አይደለም!»

ልጁ ኬብሉን ጠቅልሎ ሄደ። ማታ ስወጣ ሊቁ ቪዲዮው ውሸት መሆኑን እየተናገረ ነበር። በሩን በሲባጎ አስረን ወጣን።