በራሱ ገንዘብ እኮ ነው!

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ይህችን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ማኪያቷችንን ይዘን ቁጭ ባልንበት አንዱ ጣል አደረጋት፦ «አንድ ቢሊየነር ከኪሱ አውጥቶ ይወዳደርልን። የጠገበ አይሰርቅም።» ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እናንተም ሰምታችኋታል። ለቅሶ ቤት ሰምታችኋታል፣ ክርስትና ላይ ሰምታችኋታል። አንዳንዶቻችሁም ብላችኋታል፣ ግድ የለም።

እኔም ከምናደድ ላመስግን ብያለሁ።

እግዜር ይስጥልን፣ በራስህ ገንዘብ ፕሬዚዳንት ልሁን ብለህ የምትነሳ ባለጸጋ! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ላደገ ሕዝብ በልቶ የመጣ ሹም እንዴት ያለ በረከት ነው! መቼም ጠግቦ ሌላ የጎረሰ ሀብታም በታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

ሕጉም ቢሆን ደግ ነው። በ2020 ተራ ሰው ለአንድ ዕጩ፣ ፓርቲው ዕጩውን ለሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ መስጠት የሚችለው ቢበዛ 2,800 ዶላር ነበር። ከዚያ ካለፈ ዕጩው ውለታ ይዞት እንዳይበላሽ ያሰጋል። ዕጩው ለራሱ ሲሰጥ ግን ጣሪያ የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 ጨርሶታል፦ ለገዛ ዘመቻ ገንዘብ ማውጣት የመናገር ነፃነት ነው፣ ሰው ደግሞ ራሱን በጉቦ አያበላሽም። አንጀት የሚያርስ አመክንዮ ነው። ሃያ ዶላር ያለው የሃያ ዶላር ያህል ይናገራል፣ ቢሊዮን ያለው የቢሊዮን ያህል። ማንም አፉን አልተያዘም።

በዚህ ነፃነት ብዙዎች ተጠቅመዋል። የመጽሔት ባለቤቱ ባለጸጋ ስቲቭ ፎርብስ በ1996 ሞከረ፣ አልሆነም። በ2000 ደገመ፣ አሁንም አልሆነም። በ2020 ሌላው ቢሊየነር ቶም ስታየር ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ አንድም ዴሊጌት (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጥ ተወካይ) ሳያገኝ ወጣ። የዘርፉ ቁንጮ ግን በዚያው ዓመት ለዴሞክራቶች ዕጩነት የተወዳደረው ቢሊየነሩ የቀድሞ የኒው ዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ነው። ኖቬምበር 24፣ 2019 ገባ፣ ማርች 4፣ 2020 ወጣ። በመሃል ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። በቀን ወደ 10 ሚሊዮን ማለት ነው፣ እሁድንም ጨምሮ። ሰውየውን አልወቅስም፣ ገንዘቡ የራሱ ነው። እኔ የምደነቀው በአጨብጫቢው ነው።

አጨብጫቢው «ተሸነፈ» ስትሉት ይቆጣል። «አሸንፏል እንጂ!» ይላችኋል። ልክ ነው፣ አሸንፏል። ማርች 3 ቀን፣ ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን ቅድመ ምርጫ በሚያደርጉበት በሱፐር ቱዝዴይ፣ አሜሪካን ሳሞአን አሸንፏል።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ድሉ ችኮላ አይወድም። አሜሪካን ሳሞአ ከሀዋይም አልፎ፣ ከምድር ወገብ በታች፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል ያሉ ደሴቶች ናቸው። ዋና ከተማቸው ፓጎ ፓጎ ትባላለች። ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ይኖርባቸዋል። በዚያ ቀን ድምፅ የሰጡት 351 ነበሩ። እኛ ሰፈር መካከለኛ ሰርግ ላይ ከዚህ የበለጠ ሰው ይቀመጣል። ከ351ዱ ውስጥ 175ቱ ብሉምበርግን መረጡ። አስሉት እስቲ። የ351 ግማሽ 175 ተኩል ነው። ከቢሊዮን ዶላር በኋላ፣ በብቸኛው ድሉ፣ ግማሽ ለመሙላት ግማሽ ሰው ጎደለው! የቀረው ግማሽ ሰው ማን ይሆን እያልኩ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምናልባት መንገድ ላይ ነበር። ምናልባት አንድ ማስታወቂያ ብቻ ቢጨመር ይመጣ ነበር። ሁለተኛ የወጣችው ተፎካካሪው ቱልሲ ጋባርድ 103 ድምፅ አግኝታለች። ስለዚህ ድሉ በ72 ሰው ልዩነት ነው። 72 ሰው ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ አንድ አውቶቡስ ሞልቶ ይተርፋል። አራት ዴሊጌትም ተገኝቷል። ለዕጩነት የሚያስፈልገው ደግሞ 1,991 ነበር። ደግሞ የነገሩ ማር እዚህ ላይ ነው፦ የአሜሪካን ሳሞአ ነዋሪ በኖቬምበሩ የፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ የለውም። በቅድመ ምርጫ ዕጩ ይመርጣል፣ ዋናው ምርጫ ሲመጣ ግን ሳጥኑ እሱ ጋ አይደርስም። በቢሊዮን ዶላር የተገኘው ብቸኛ ግዛት ፕሬዚዳንት የማይመርጥ ግዛት ነው። እንዲህ ያለ ንጹህ ድል የት ይገኛል? በማግስቱ ሥራ ላይ የሚያውለው የለም። ልክ እንደ ሳሎን ሳህን፣ ለማየት ብቻ።

ሒሳብ ወዳዶች 1 ቢሊዮንን ለ175 አካፍለው «ለአንድ ድምፅ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ» ይላሉ። ይሄ ግፍ ነው። በመላው አገር ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው መርጦታል። በዚህ ሲካፈል አንዱ ድምፅ 400 ዶላር ገደማ ይወጣል። ርካሽ ነው ባልልም ከኛ ሰፈር የወር የመኪና ኢንሹራንስ ብዙም አይርቅም።

ሒሳብ ሲነሳ ያችን የቴሌቪዥን ቀን ማለፍ አይቻልም። ሰውየው በወጣ ማግስት፣ አዋቂዎች ስቱዲዮ ቁጭ ብለው፣ 500 ሚሊዮን ዶላር ለማስታወቂያ ከሚያወጣ 327 ሚሊዮኑን አሜሪካዊ አንዳንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ይተርፈው ነበር አሉ። በዚያች ደቂቃ ማንም አልነቃም። ትክክለኛው ድርሻ 1 ዶላር ከ53 ሳንቲም ነው። ማኪያቶ እንኳ አይገዛም። ገንዘቡ ሲበዛ ሰው መቁጠር ይተዋል፣ ዝም ብሎ ይሰግዳል።

ፓርቲውስ? ፓርቲው ጨዋ ነው። ክርክር መድረክ ላይ ለመውጣት ከብዙ ሺህ ሰው መዋጮ ማሰባሰብ ግዴታ ነበር። ብሉምበርግ ከማንም መዋጮ አይቀበልም ነበርና ሊወጣ አልቻለም። በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ፓርቲው ያንን ደንብ አነሳው። ከዚያ በፊት መዋጮ አላሟላህም ተብለው መድረክ የተከለከሉት ሰዎች «አይ ዕድል!» ብለው ቀሩ። ፌብሩዋሪ 19 ላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ወጣ፣ ተፎካካሪው ሴናተር ኤልዛቤት ዋረን ፊት ለፊት ገጠመችው፣ አጠገቧ ቆሞ ማስታወቂያ ማስገባት አይቻልም ነበር። እስከዚያ ድረስ አገሩ የሚያውቀው ተቆርጦ የተዘጋጀውን የ30 ሴኮንድ ሰውዬ ነው። ለሱፐር ቦውል፣ ለአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ፣ ደግሞ የ60 ሴኮንዱን።

የኛንም ግዛት አልረሳትም። ዘመቻውን በጀመረ ማግስት መጀመሪያ የመጣው ቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ነበር። ከዚያ ማስታወቂያው ቤታችን ገባ። ዜና ከፍተን እሱን አየን፣ ኳስ ከፍተን እሱን አየን። ሱፐር ቱዝዴይ ሲደርስ ቨርጂኒያን ባይደን ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝቶ ወሰዳት፣ እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ ሳያወጣባት።

አሁን ቀልዱን ላቁም። በዚህ ዘመቻ ከ2,000 በላይ ሰው ተቀጥሮ ነበር። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ሥራ ለቀው፣ ቤት ቀይረው የመጡ ነበሩባቸው። ዕጩው ቢሸነፍም እስከ ኖቬምበር ደመወዛችሁ አይቋረጥም ተብለን ነው የገባነው ብለው በኋላ ፍርድ ቤት ከስሰዋል። የተሰናበቱት በማርች 2020 ነው። ኮቪድ አገሩን ሲዘጋ፣ ማንም ማንንም በማይቀጥርበት ወር! በዚያው ወር ከዘመቻው 18 ሚሊዮን ዶላር ለፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ተላለፈ። እና እዚህ ቁጭ ብለህ «የማንም ውለታ የለበትም» ትለኛለህ? ውለታ የሌለበት ሰው ማለት እኮ የሚጠይቀው የሌለ ሰው ማለት ነው። ሃያ ዶላር ያዋጣችው ሞግዚት ደውላ «ያልከው የት ደረሰ?» ትላለች። ቤት ለቤት በነፃ የዞረው ጎረምሳ ፊት ይነሳል። ገዢው ራሱ ሻጩም ራሱ ሲሆን ማን ይደውላል? እስቲ ንገረኝ፣ ማን?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አማካሪውንም ማመስገን አለብኝ። ዕጩው ይወድቃል፣ አማካሪው አይወድቅም። ከማስታወቂያ ግዢው ላይ በፐርሰንት የሚከፈለው አማካሪ «ጌታዬ፣ ማስታወቂያው በዛ» ብሎ አያውቅም። «ቴክሳስ ትንሽ ቀዝቅዛለች፣ ጨምረን እንሞክር» ነው የሚለው። በዝግታ፣ በትህትና፣ ብዕሩን ይዞ። ጓደኛዬ ኡበር እየነዳ ሲያጨበጭብ፣ እሱ ሁለተኛ ቤት ይገዛል።

የሚቀጥለው ባለጸጋ ገና አልወሰነም ይባላል። ከቤተሰቡ ጋር እየተማከረ ነው። አማካሪው ግን ወስኗል፣ የፓጎ ፓጎን የአየር ትኬት ዋጋም ጠይቋል።