ማስተካከያ፦ ስለ መኪና ቴሌቪዥን አንቴና የጻፍኩት

ባለፈው ጽሑፌ፣ መኝታና ማብሰያ ባለው መኪና ለሚጓዙ ሰዎች፣ «ዲጂታል ቴሌቪዥን አልስብ ካለ ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) ግዙና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰኩት» ብዬ ነበር። ትክክል አይደለም። አምናችሁኝ ገንዘብ ያወጣችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቡስተር የሌለ ሲግናል አይፈጥርም። የደረሰውን ነው የሚያጎላው፤ ሲግናሉን የሚረብሸውን ጫጫታም አብሮ። ስለዚህ ቦታው አንቴናው ሥር ነው፣ ሲግናሉ በኬብሉ ውስጥ ሳይደክም። ማሰራጫ አጠገብ ከቆማችሁ ደግሞ አጥፉት። ከልክ ያለፈ ሲግናልም ምስሉን ያጠፋል።

ከቡስተር በፊት ግን አቀማመጥ ይቀድማል። ጎንደር ኮረብታማ ናት። አንድ ማታ ጎሐ ተራራ ግርጌ መኪናዬን አቁሜ፣ ምስሉ እንደ ዳማ ሰሌዳ አራት ማዕዘን እየሆነ ተቆራረጠብኝ። አንቴናውን ከጣራው ቆርቆሮ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጌ ትንሽ ወደ ጎን ሳስጠጋው ጥርት አለ። ቴሌቪዥን ከሚሰራጭባቸው ፍሪኩዌንሲዎች አንዱ በሆነው በ600 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 50 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በቀጥታ የመጣውና ከኮረብታ ነጥሮ የመጣው ሞገድ በዚህ ርቀት ውስጥ አንዱ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ ሌላው ቦታ ይጠፋፋሉ፤ ለዚህ ነው አንድ ስንዝር እንኳ ለውጥ የምታመጣው። ተራራው ፊት ለፊት ከጋረዳችሁ ግን ዋናው መላ መኪናዋን ማንቀሳቀስ ነው።

ሌላም የዘነጋሁት አለ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ቻናሎቹን እንደገና ስካን አድርጉ፤ ማሰራጫው ሲቀየር ፍሪኩዌንሲውም ሊቀየር ይችላል። ሪሲቨር ስትገዙ ደግሞ ዲቪቢ ቲ2 (DVB-T2፣ በአንቴና የሚሳብ ዲጂታል ቴሌቪዥን ዓይነት) የሚል መሆኑን እዩ። ለዲሽ ብቻ የተሠራው ለዚህ አይሆንም።