ቤተ ክርስቲያን አፍራሹ

ባለቤቴ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃት "ማታ ማታ ቤተ ክርስቲያን ያፈርሳል" ብላ ዝም ትላለች። ማብራሪያ አትጨምርም። የጠያቂው ፊት ሲለዋወጥ ማየት ትወዳለች።

አልዋሸችም። ሰባት ወር ሙሉ የምግብ ጠረጴዛችን ግማሽ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን እያፈረስኩ ነው። ቦታው ኖርማንዲ፣ ሰሜን ፈረንሳይ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁን 1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ፣ እንግሊዝና አጋሮቻቸው ጀርመኖችን ሊወጉ ከባሕር የወጡበት ሰሞን። መጠኑ 1/35። 1 ሜትር ከ75 የሚረዝም ወታደር እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቀበቶ አለው፣ ኮዳ አለው፣ ያልተላጨ ጺም አለው። ጺሙን የሳልኩት እኔ ነኝ። የራሴን ለመላጨት ግን ጊዜ አላገኘሁም።

አንድን ትዕይንት እንዲህ አሳንሶ መሥራት ዲዮራማ ይባላል። ስሙ የመጣው ከሉዊ ዳጌርና ከሸሪኩ ከቡቶን ነው። ዳጌር ኋላ በፎቶግራፍ ፈጠራው የታወቀው ሰውዬ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1822 ፓሪስ ላይ አንድ የትዕይንት ቤት ከፈቱ። ተመልካቹ ከፍሎ ይገባል፣ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፊት ለፊቱ ግዙፍ ሥዕል ተዘርግቷል። ብርሃኑን ሲቀያይሩበት ሥዕሉ ነፍስ የዘራ ይመስላል። ካሳዩዋቸው ነገሮች አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሆሊሩድ ቤተ ጸሎት ፍርስራሽ፣ በጨረቃ ብርሃን። ስለዚህ በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን የተለከፍኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። የትዕይንት ቤቱ ራሱ በ1839 ተቃጥሎ ወደመ። ይህችን የታሪኩን ክፍል ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

"ለምን የፈረሰ? ሙሉውን ብትሠራውስ?" ይሉኛል። እስቲ እናስላው። 35 ሜትር ከፍታ ያለው የደወል ማማ በኔ መጠን 1 ሜትር ይሆናል። ከኋላው ያለው አዳራሽ 28 ሜትር ቢሆን 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ሙሉውን ከሠራሁት እኔና ባለቤቴ በረንዳ ላይ መተኛት ሊኖርብን ነው። ፍርስራሽ የሰነፍ ብልሃት ነው። አንድ ጥግ፣ አንድ ተኩል መስኮት፣ ግማሽ ቅስት ትሠራና የቀረውን መድፍ ወሰደው ትላለህ። መድፍ አይከስህም።

እንዲህ ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ማፍረስ ቀላል ነው የሚል ሰው ምንም ነገር በሥርዓት አፍርሶ አያውቅም። መጀመሪያ ግድግዳውን ከፎም ትቆርጣለህ። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጅህ ትቀርጻለህ። ድንጋይ እንዲመስል የተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት አድቦልቡለህ ትጫነዋለህ። ጀሶ፣ ኮላ፣ ቀለም። ከዚያ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ታፈስበታለህ፤ ስንጥቅ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሲደርቅ ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም ውስጥ ነክረህ በጨርቅ ትጠርገዋለህ፣ ምንም ያልቀረው እስኪመስል ድረስ። በዚያ "ምንም" የድንጋዩን ጠርዝ ጠርዙን ትዳስሳለህ። ድንገት ፎሙ የ600 ዓመት ድንጋይ ይሆናል። ይህች ቅጽበት ናት ሰውን የምታበላሸው።

ይሄ ሁሉ ታዲያ ግንባታ ነው። ማፍረሱ ገና አልተጀመረም። ማፍረስ ማለት የጠፋው ነገር የት ሄደ የሚለውን መመለስ ነው። የኔ ግድግዳ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 2.3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ጎድሎታል። አባዙት። ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ግድግዳ ነው። ድንጋይ ደግሞ ሲፈርስ በመሃሉ ክፍተት ስለሚፈጠር ከነበረው በላይ ቦታ ይይዛል። እኔ መሬቱ ላይ የበተንኩት ፍርስራሽ ግን አንድ ኩባያ አይሞላም ነበር። የቀረውን ማን ወሰደው? በጦርነት መሃል ድንጋይ የሰረቀ ሰው አለ? አራት ሳምንት ሙሉ ፍርስራሽ ሳመርት ከረምኩ። ከድንጋዩ ጋር የተሰበረ ወራጅ አለ፣ ስስ የድንጋይ ክዳን አለ፣ የመስኮት መስታወት የሚይዝ የእርሳስ ብረት አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ሁሉንም መጀመሪያ ደህና አድርጌ እሠራለሁ፤ ከዚያ እሰብረዋለሁ። ቀድሞውኑ ተሰብሮ የተሠራ ነገር ዓይን ያውቀዋል።

አማቴ አንድ ቀን መጥተው ይህን ሲያዩ "በስመ አብ! ምን በደለህ?" አሉ።

"የለም፣ ጥበብ ነው እኮ እማማ።"

"ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ሲሉ እሰማ ነበር" አሉ። ትንሽ አሰቡና "እሱስ እሺ፣ መልሶ ይሰፋል" ብለው ወደ ኩሽና ሄዱ።

እንግዶች ግን ደጎች ናቸው። ሲመጡ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ያደንቃሉ፣ ከዚያ አንዱ ሳይቀር "ሲያልቅ እንዴት ያምር ይሆን!" ይላል። አልቋል። ያንን ጥግ ከጨረስኩት ሦስት ወር ሆኖታል። መጀመሪያ መጀመሪያ አስረዳ ነበር፤ አሁን "አዎ፣ ትንሽ ይቀረዋል" እላለሁ። አንዱ እንዲያውም ጣራውን የሚገጥምልኝ ሰው ሊያገናኘኝ ፈልጎ ነበር።

ስለ ትናንሽ ነገሮች ካነሳን፣ ምንጣፍ የሚባል ጠላት አለ። ከወረንጦ ያመለጠ ነገር ወለል ላይ አይወድቅም፣ ከዓለም ይጠፋል። የአንድ ወታደር ቀኝ እጅ እንዲህ ሄዶብኝ ሁለት ሰዓት በእንብርክክ ፈልጌያለሁ። አላገኘሁትም። የዛሬ ዓመት ያመለጠኝን የታንክ መብራት ግን አገኘሁ። ወታደሩ አሁን ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል። ጦር ሜዳ ላይ።

ታንክ ስል፣ መጀመሪያ ላይ ከማማው ሥር የጀርመን ፓንተር ታንክ ነበረ። በያንዳንዱ ጎኑ አሥራ ስድስት ጎማ አለው፣ ተነባብሮ የተሰካ፤ ግማሹ አይታይም። የማይታየውንም ቀባሁት። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠራ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ሊያይልኝ መጣ። ማጉያ መነጽር ይዞ። ስድስት ወር የለፋሁበትን ቤተ ክርስቲያን እንደ መጋረጃ አለፈው። ታንኩ ላይ ቆመ። ዝም አለ። መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ "ዚመሪት የለውም" አለኝ።

ዚመሪት ማለት ጀርመኖች መግነጢስ ያለው ፈንጂ እንዳይለጠፍባቸው ታንካቸውን የሚለስኑበት ሊጥ መሳይ ነገር ነው። ፋብሪካዎቻቸው ከ1943 መገባደጃ እስከ ሴፕቴምበር 1944 ሲቀቡት ነበር። በጁን 1944 ኖርማንዲ ላይ የቆመ ፓንተር ያለ ዚመሪት ራቁቱን ነው ማለት ነው። ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ የምር አዝኖልኛል። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

የገንዘቡን ነገር አታንሱብኝ። ባለቤቴ ስታነሳው የዊልያም ሳይቦርንን ታሪክ እነግራታለሁ። እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦርነት በሞዴል እንዲሠራ ታዘዘና ውጊያው በተካሄደበት ሜዳ ላይ አንድ እርሻ ቤት ውስጥ ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። መንግሥት መሃል ላይ ገንዘቡን አቆመበት። እሱ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1838 ለሕዝብ ሲያሳየው ከ70,000 በላይ ትናንሽ ወታደሮች ነበሩበት። እሱ ደግሞ ዕዳ ውስጥ ነበር። ሞዴሉ ዛሬም ለንደን ባለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይታያል። እኔ ይህን የምነግራት ከሱ ጋር ስተያይ ቁጥብ መሆኔን እንድታይ ነው። እሷ የምትሰማው ግን ሌላ ነገር ነው መሰለኝ። "ሚስት ነበረችው?" ብላ ጠይቃኛለች።

የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚመስል ለማወቅ ፎቶ ማየት ያስፈልጋል። ሴን ሎ የሚባለውን ከተማ አየሁ። በ1944 የቦምብ ድብደባ አብዛኛው ከተማ ወድሟል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ፊት ከጦርነቱ በኋላ እንደ ቀድሞው አልመለሱትም፤ ጉዳቱ እንዲታይ ትተውታል። ሴንት ሜር ኤግሊዝን አየሁ፤ ጆን ስቲል የሚባል አሜሪካዊ ፓራሹተኛ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ተንጠልጥሎ የሞተ መስሎ የቆየበትን። ዛሬም አሻንጉሊት ሰቅለውለታል። "አንተም አንድ ስቀል" ያላለኝ ሰው የለም።

ከዚያ ገጽ ሳገላብጥ ኦራዱር ሱር ግላን የሚባል የፈረንሳይ መንደር ላይ ደረስኩ። ጁን 10 ቀን 1944 የናዚ ጀርመን ኤስ ኤስ ወታደሮች የመንደሩን ሴቶችና ልጆች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስገብተው ፈጇቸው። በዚያ ቀን ከ600 በላይ ሰው ሞቷል። መንደሩ እንደፈረሰ ተጠብቆ አለ። የግድግዳው ቀለም በጣም ቆንጆ ነበር፤ እሳት የላሰው ድንጋይ ወደ ቀይ ይሄዳል። ብሩሹን አንስቼ ልቀዳው ስል እጄ እምቢ አለ። ያን ማታ ምንም ሳላፈርስ ተኛሁ።

በማግስቱ ታንኩን አነሳሁት። በምትኩ ኖርማንዲ ውስጥ ያለችውን የአንጎቪል ኦ ፕሌን መንደር ታሪክ አሰብኩ። እዚያ ሮበርት ራይትና ኬኔት ሙር የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ጦር ሐኪም ረዳቶች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነው የሁለቱንም ወገን ቁስለኞች አከሙ፤ 80 ያህል ሰው። የደሙ ምልክት እስከ ዛሬ ወንበሮቹ ላይ አለ። እኔም ከግማሹ ቅስት ሥር ሁለት ሰዎች አንድ ቁስለኛ ላይ ጎንበስ እንዲሉ አደረግሁ። ለሰው ስናገር ታንኩን ያነሳሁት ልቤ ተነክቶ ነው እላለሁ። እውነት ነው። ዚመሪቱን መለጠፍ አስጠልቶኝም ነበር።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። የፎሙን አይደለም፣ የሳሎናችንን። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ስንጥቅ አለ። ባለቤቴ አሠራው እያለች ሁለት ዓመት ሆናት። አንድ ማታ ስትገባ ግድግዳው ፊት ለፊት መብራትና ማስመሪያ ይዤ ቆሜ አገኘችኝ።

"ልታሠራው ነው?" አለች። ድምፅዋ ላይ ተስፋ ነበረ።

"ልቀዳው ነው።"

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ያናገረችኝ በግድ ሲሆን ብቻ ነው። እኔ ግን ስንጥቁን መስመር በመስመር ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አሳረፍኩት፤ ከማማው ሥር፣ ሁሉም እንዲያየው። እስክጨርስም ማንም እንዳይነካው ለመንኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሳትነግረኝ ግንበኛ አመጣች። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዞር ሲሉ ጠረጴዛውን አዩ። ብዙ ቆዩ። ከሁሉ እንግዳ በላይ ቆዩ። ደረቴ ተነፋ።

"ምን መታው?" አሉ።

"መድፍ።"

ጣታቸውን ሳያስነኩ ስንጥቁን ተከተሉት። "የለም ልጄ። መድፍ ቢሆን ይበሳዋል፣ ስንጥቁም ከቀዳዳው ዙሪያ ይበተናል። ይሄ ከጥግ ተነስቶ ሰያፍ እየወጣ ነው። ይሄ መሠረቱ ሰምጦ ነው።" ቀና ብለው የሳሎኑን ግድግዳ አዩ። እንደገና ቤተ ክርስቲያኑን አዩ። "ከዚያ ነው የወሰድከው አይደል?"

ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

"የቤታችሁስ ድሮ ሰምጦ ያበቃለት ነው፣ አትስጉ" አሉ ሽማግሌው መሣሪያቸውን እያወጡ። "ለቤተ ክርስቲያኑ ግን ዋስ አልሆንም።"

የሳሎኑን ግድግዳ በግማሽ ቀን ለስነው ጨርሰው ሄዱ። ባለቤቴ እስከ በር ሸኝታቸው ስትመለስ የተረፈውን ጀሶ በጥብጬ የማማውን ስንጥቅ እየደፈንኩ አገኘችኝ።

"እየጠገንከው ነው?" አለች። ያ ተስፋ ድምፅዋ ላይ ተመልሷል።

"ካልጠገንኩት እንዴት አድርጌ አፈርሰዋለሁ?" አልኳት።