ማስተካከያ፦ «ሳይኮ» ስላልኩት

ባለፈው ሳምንት «ሳይኮፓት ማለት የሌለ ድምፅ የሚሰማው፣ ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው። የገለጽኩት ሳይኮሲስ የሚባለውን የአእምሮ ሕመም ነው። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሥነ አእምሮ መማሪያ መጻሕፍት እንደሚሉት ሳይኮፓቲ የስብዕና ጠባይ ነው። ሰውየው የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቃል። የሚጎድለው ጸጸትና ለሌላው ሥቃይ መራራት ነው።

ስለ ደግነት የጻፍኩትም ይታረም። «የአስተዳደግ ጉዳይ ብቻ ነው» ብዬ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. PNAS በሚባል የሳይንስ መጽሔት የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለማያውቁት ሰው ኩላሊታቸውን የሰጡ 19 ሰዎችን መርምሯል። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል፣ በቀኝ በኩል ያለው፣ ከሌሎች ሰዎች ተለቅ ያለ ነበር። የፈራ ሰው ፊት ሲያዩም ይበልጥ ይነቃል። ሳይኮፓቲ ባለባቸው ላይ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን አስተዳደግ ብቻ ማለት አልነበረብኝም።

የመጀመሪያው ስህተት ሰው ጎድቷል። እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ብቻውን እያወራ የሚመላለስ አንድ ወጣት አለ። ጽሑፌን ያነበቡ ሰዎች «ሳይኮ ነው፣ ተጠንቀቁ» እያሉ ሲሸሹት አየሁ። በጣም አዘንኩ። ልጁ የሚያስፈልገው ሕክምናና አይዞህ የሚለው ሰው ነው።

የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። ያጋራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።