ውዳሴ ማርያም ውስጥ የተኛው መቶ ዶላር

በቤታችን አንድ ፈረንጅ አብሮን ይኖራል። አይበላም፣ አይጠጣም፣ ለእድርም አያዋጣም፤ ሆኖም ጠዋት ጠዋት ከሁላችንም አስቀድሞ ደኅንነቱ የሚጠየቀው እርሱ ነው። «ዶላር ስንት ገባ?» ትላለች እናቴ፤ እኔ እንዴት እንዳደርኩ የምትጠይቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይባላል፤ መቶ ዶላር ላይ ፊቱ የታተመው ሰውዬ። አድራሻው የእናቴ ውዳሴ ማርያም ውስጥ፣ በሐሙስና በዓርብ መካከል ነው።

ይህ መቶ ዶላር ወደ ቤታችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ለፋሲካ ነው። ከዋሽንግተን የመጣች የአክስቴ ልጅ «በዓል መዋያ» ብላ እናቴ እጅ ውስጥ ሸጎጠችላት። ያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ነበረ። አባቴ በጣቱ አስልቶ «አንድ በግ!» ሲል እናቴ ግን ዶላሩን አራት ቦታ አጠፈችና «ይቆይ፤ ይጨምራል» አለች። በዓሉን በዶሮ ዋልን።

እንዳለችውም ጨመረ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ዋጋ በ15 በመቶ ሲቀንስ አገሩ በሙሉ ሲያዝን እናቴ ቡና አፈላች። በዚያው ዓመት ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዶላር የደበቀ ሁሉ ወደ ባንክ እንዲወስድ አሳሰቡና የጥቁር ገበያው ዋጋ አሽቆለቆለ። እናቴ ደነገጠች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ውዳሴ ማርያሟን ብብቷ ውስጥ አድርጋ እስከ ባንኩ በር ሄደች። ሰልፉን አየችና ተመለሰች። «ይህ ሁሉ ሰው የሚሸጠውን እኔ ምን ቆርጦኝ እሸጣለሁ?» አለችን። ኢኮኖሚክስ ያጠናው ወንድሜ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘላትም።

በሰፈራችን ዶላር ያለው ሰው የለም። ጠይቁ፤ ሁሉም ይምላል። የዶላርን ዋጋ የማያውቅ ሰው ግን ከቤት ቤት ብትዞሩ አታገኙም። ሽንኩርት ሻጯ እንኳ ዋጋ ስትጨምር «ዶላር ጨምሮ ነዋ!» ትላለች። «ከመቂ ለሚመጣ ሽንኩርት ዶላር ምን አገባው?» ብላት «ናፍጣው በምን ይመጣል? በጸሎት?» አለችኝ። አንድ ኪሎ ገዝቼ ዝም አልኩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ አባቴ ነው። «በእኛ ጊዜ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር» እያለ ይኮራል። እውነቱን ነው፤ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ እንደዚያ ነበረ፤ ከዚያ ነው በአንድ ጊዜ 5 ብር የገባው። ችግሩ አባቴ በዚያ በርካሽ ዘመን አንድም ዶላር በዓይኑ አለማየቱ ነው። የገዛው ይመስል እንዴት እንደሚቆጨው!

ለነገሩ ልማዱ የዘር ነው። ሴት አያቴ አንገት ላይ ተንጠልጥላ የኖረችው ጠገራ ብር ላይ የተቀረጸችው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ አልነበረችም? ሴትዮዋ በ1780 በፈረንጅ አቆጣጠር ብትሞትም ብሯ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ ሲመታ ኖሮ የእኛን አያቶች አንገትና ሣጥን ሞላ። የውጭ ምንዛሪ ክምችታችን ያን ጊዜ ቢያንስ በሰርግ ቀን ይታይ ነበር።

የእኛው መቶ ዶላር ለአንድ ነገር እንኳ ቢጠቅም ጥሩ ነበር። ታናሽ እህቴ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ 50 ዶላር በካርድ ክፈይ ተባለች። ዶላሩ ቤት ውስጥ አለ፤ በኢንተርኔት የሚከፍል ካርድ ግን የለም። ከሐሙስና ከዓርብ መካከል አውጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ብትለጥፈው አይገባላትም። በመጨረሻ የከፈለችላት ያችው የዋሽንግተኗ ዘመዳችን ናት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። በአንድ ቀን በንግድ ባንክ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ዘለለ። እናቴ ያን ሰሞን የምታዝንበትንና የምትደሰትበትን መለየት አቃታት። ከሱቅ ዘይት ገዝታ ስትመለስ ታለቅሳለች፤ ውዳሴ ማርያሟን ስትገልጥ ፊቷ ይበራል።

በ2017 ዓ.ም. ለፋሲካ ሰባት ቀን ሲቀረው ግን ቆረጠች። ዶላሩ 130 ብር አልፏል፤ መቶው ከ13 ሺህ ብር በላይ ነው። አባቴ እንደገና በጣቱ አሰላ። የበግ ዋጋ ጠይቆ መጥቶ ነበርና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ በግ» አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያድግ የኖረው ገንዘብ ዛሬም አንድ በግ ነው። ያውም ቀንዱ ገና ያልወጣ።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ እኔው አጀብኳት። ስካርፍ የሚሸጥ የሚመስል ወጣት «ምንዛሬ፣ ምንዛሬ» እያለ በጆሯችን ሹክ አለን። ጥግ ይዘን መጽሐፉ ተገለጠ። ልጁ ዶላሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣው፤ የዕጣን ሽታው ግራ እንዳጋባው ያስታውቃል። መታጠፊያውን በጥፍሩ እየዳሰሰ፣

«እማማ፣ ይህ ታጥፏል። ጠርዙም ላይ ጧፍ ነክቶታል። ዋጋው ይቀንሳል» አላት።

«እኔም ታጥፌያለሁ» አለች እናቴ ወገቧን እያሳየችው። «ማን ዋጋዬን ቀነሰ?»

ተቀብላው ወደ ቦታው መለሰችው። ታክሲ ውስጥ አልተነጋገርንም። ቤት ስንደርስ ግን አላጠፈችውም፤ ዘርግታ፣ በመዳፏ ደልድላ፣ መጽሐፉን ከፍራሹ ሥር አስተኛችና ላዩ ላይ ተቀመጠችበት።

ማታ ከዋሽንግተን ተደወለ። «አክስቴ፣ ለበግ መግዣ ትንሽ ልላክ እንዴ?»

«ላኪ እንጂ ልጄ» አለች እናቴ፣ ፍራሹ ላይ እየተመቻቸች። «ምን ሳንቲም አለ ብለሽ ነው በዚህ ቤት!»