ሲሶና ሩብ

ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰሞን ትምህርት ቤቷ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ «አጠቃላይ የሒሳብ ችሎታ መለኪያ» የሚል ፈተና ሰጠ። ሃያ ጥያቄ ነው። ማርኩ አይያዝም፣ ደረጃ አይወጣበትም፣ ካርድ ላይም አይገባም። ልጆቹ የቱ ጋ እንደሚደናቀፉ ለማወቅ ብቻ ነው ተባለ። ወረቀቱ ግን «የወላጅ ፊርማ» የምትል መስመር ይዞ ቤት መጣ።

ማርኩ አይያዝም የተባለውን ወረቀት ተቀብዬ መጀመሪያ የፈለግሁት ማርኩን ነው። 9 ከ20።

«ዘጠኝ?» አልኩ።

«ዘጠኝ» አለች።

«በእኛ ጊዜ…» ብዬ ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ኩራዝ ገባበት፣ ባዶ እግር ገባበት፣ ወንዝ ሞልቶ መሻገር ገባበት። እኔ ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ መብራት ባለበት፣ አስፋልት ዳር ነው። ኩራዙን ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን ይገርመኛል።

ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «እሺ አባ፣ ጥያቄ 7ን አሳየኝ» አለች።

ጥያቄ 7፦ 1/3 + 1/4 = ?

ስልኬ ጠራ። ማለቴ አልጠራም፣ ግን አነሳሁት። «ሃሎ! አዎ! ኔትወርክ የለም፣ ቆይ ልውጣ!» እያልኩ ግቢ ወጣሁ። የጣና ትንኝ እየተጋበዘብኝ ለሌለ ሰው ስለሌለ ጉዳይ አሥር ደቂቃ አስረዳሁ።

ስመለስ አማቴ ነገሩን ይዘውታል። ከአዴት መጥተው እኛ ጋ ከከረሙ ወር አልፏቸዋል። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ።

«ምንድን ነው እሱ አንድ ሦስተኛ የምትሉት?»

«ሲሶ ማለት ነው» አልኳቸው። «ሲሶና ሩብ ሲደመር ስንት ነው ነው ጥያቄው።»

«አንቺ ስንት አልሽ?»

«ሁለት ሰባተኛ» አለች ልጄ። አንድና አንድ ሁለት፣ ሦስትና አራት ሰባት። እውነቱን ለመናገር እኔንም አሳምኖኝ ነበር።

«ከሰባት ቁና ሁለት ቁና ማለት ነው?»

«አዎ እማማ።»

አማቴ ሰፌዱን አስቀመጡ። «የሰባት ቁና ሲሶ እኮ ብቻውን ከሁለት ቁና ያልፋል። ሲሶው ላይ ሩብ ጨምረሽበት ከሲሶው አነሰ? በጊዮርጊስ! ልጄ፣ እዚህ መሀል ሌባ አለ።»

«ታዲያ ስንት ነው?»

«ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል» አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ፊደል አልቆጠሩም። ግን መሬት በሲሶም በእኩልም በሚታረስበት ዘመን ያደጉ ሰው ናቸው። አውድማ ላይ ክፍልፋይ የተሳሳተ ክረምቱን ይራባል። እኛ ጋ አንድ ማርክ ይጎድለዋል፣ እሱም አይያዝም።

ክብሬን ለማስመለስ ልጄ ያገኘቻቸውን ጥያቄዎች መፈለግ ጀመርኩ። ማመስገንም አባትነት ነው። ጥያቄ 12 ላይ አንድ ዕቃ ዋጋው በ25 በመቶ ይጨምራል፣ ከዚያ በ20 በመቶ ይቀንሳል፤ አሁን ዋጋው ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው ይላል። እኔ ሳየው አምስት በመቶ የተረፈ መሰለኝ። ልጄ ግን «ያው ነው» ብላ ልክ ሆናለች።

«ይቺን እንዴት አገኘሻት?»

«ለገና በገዛህልኝ ጫማ።»

«ጫማው ምን ሆነ?»

«2,000 ብር የነበረውን 2,500 ብለው ለጠፉበት። ከዚያ 20 በመቶ ቅናሽ ብለው በ2,000 ሸጡልህ።»

እኔ ደግሞ 500 ብር አተረፍኩ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ሁለት ጎረቤት በኔ ምክር ከዚያው ሱቅ ገዝቷል።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበር» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት የወላጆች ስብሰባ ተጠራና በባጃጅ ሄድኩ። ከኋላ ሦስት፣ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተንጠልጥሎ አንድ፣ አራት ነን። ሒሳብ በሰው 20 ብር ነው። ጊዮርጊስ ጋ ሁለት ሴቶች ሊወርዱ ሲሉ አንዷ የሁለቱን ልክፈል ብላ 200 ብር አወጣች። ዝርዝር የለም። ሹፌሩ ከኔ 100 ተቀበለ፣ ከፊተኛው 50 ተቀበለ፣ ከኪሱ 10 ጨመረ፣ ለሴትዮዋ 160 መለሰ። «ጋሼ፣ አንተ 80 አለህ፣ አንተ 30» አለን። ይህንን ሁሉ የሠራው ጉድጓድ እየሸሸ፣ ወዲያ ማዶ ያለ ጓደኛውን እጁን አውጥቶ ሰላም እያለ ነው። ትምህርት ከ7ኛ ክፍል እንዳቋረጠ ነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ሒሳብ ከበደኝ» አለ። ለካ እሱም ወደ ስብሰባው ነው፤ የታናሽ ወንድሙ ወላጅ ሆኖ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጎረቤታችን መሪጌታ ቀድመውን ቆመዋል። «እኔ ሒሳብ የሚባል ነገር አይገባኝም፣ ልጁ በኔ ወጥቶ ነው» ይላሉ። አጠገባቸው ያለች እናት የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫ የሆነው የዘንድሮ አበቅቴ ስንት ነው አለቻቸው። ሰውየው ሰማይ ሰማይ አዩ። «5500 ላይ 2018 ስትጨምሪ 7518። በ19 ስትገድፊው 13 ይተርፋል። አንድ ለዘመን ተቀንሶ ወንበር 12። አሥራ ሁለት ጊዜ 11፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12። አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ ተሳስተሻል ማለት ነው።» ወረቀት የለ፣ ካልኩሌተር የለ። መልሱን ሰጥተው ማረጋገጫውንም ጨመሩላት። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ይሄ የልጆቹ ሒሳብ ግን ከባድ ነው አሉ» አሉኝ።

ስብሰባው ስብሰባ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ ወላጅ የሆነ ሰው ሁሉ ሒሳብ ሲባል ይደነግጣል። አንዱ ቱቶር ይመደብ አለ። ሌላው ስልክ ይቀማ አለ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ አባት ተነስተው «ከክፍሉ አማካይ በታች የሚያመጣ አንድም ልጅ እንዳይኖር ትምህርት ቤቱ ምን አቅዷል?» ሲሉ በጭብጨባ አዳራሹ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። የሒሳብ መምህሩ ጠመኔውን ሁለቴ አገላብጦ አየው።

ልጅ እግር መምህር ነው። እንዲህ ያለ ፈተና አዲስ ነገር እንዳልሆነ አስረዳን። ቲምስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ምዘና ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየ4 ዓመቱ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሒሳብና በሳይንስ ይመዝናል። የኛም አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና እነዚያኑ ክፍሎች ሲያይ ኖሯል። ምዘናው የሚፈልገው ልጁን ለማሳፈር ሳይሆን ትምህርቱ የት እንደሚያነክስ ለማወቅ ነው አለን። ራሳችንን በጥሞና ነቀነቅን። «ጥያቄ አለ?» ሲል ሰባት እጅ ወጣ። ሰባቱም የጠየቁት «የኔ ልጅ ስንተኛ ወጣ?» ነው።

መምህሩ ዝም ብሎ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። ያንኑ የፈተና ወረቀት አምጥቶ አደለን። «ሠላሳ ደቂቃ አላችሁ። ስልክ አጥፉ።»

አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ጸጥታ የስቅለት ዕለት እንኳን የለም። አንዷ እናት ሽንት ቤት ለመሄድ አስፈቀደችና በዚያው ቀረች። ባለ ሙሉ ልብሱ አባት የጎናቸውን ሰው ወረቀት እያዩ ነበር፤ የጎናቸው ሰው ደግሞ የሳቸውን።

የባጃጁ ልጅ አጠገቤ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ ከ7 ፊት ያለች ሰረዝ ምንድን ናት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ኔጌቲቭ ናት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዕዳ በለው።»

«ታዲያ ዕዳ ነው አይሉም!» ብሎ −7 + 12 አጠገብ 5 ጻፈ። ሰባት ዕዳ አለብኝ፣ 12 ሠራሁ፣ አምስት ይተርፈኛል። ሌላውን ሁሉ በዚያው ወደ ብር እየመነዘረ ወረደው። አንድ ቦታ ብቻ ቆመ። «ይሄ ኤክስ ማነው?» አለኝ። የማይታወቅ ነገር ነው አልኩት። «አልተጫነም ማለት ነው» ብሎ አለፈው።

መሪጌታ ቀሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ጋ ሲደርሱ ጮክ ብለው «ይሄማ ግድፈት ነው!» አሉ። መምህሩ ዝም በሉ አላቸው።

ትልቁ ረብሻ የተነሳው ጥያቄ 15 ላይ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ወርድ አለው፤ የላይኛው ገጽ ስፋቱ ስንት ነው? «ወርዱን ነግራችሁን የለ እንዴ? ስፋት ማለት እሱ አይደለም?» አለ አንዱ። ሌላው የብስክሌቱ መስመር ይቆጠራል ወይ አለ። ሦስተኛው ድልድዩ ስንት እንደፈጀ መናገር ጀመረ። ማባዛት ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ 16,340 ካሬ ሜትር። እኔ ደምሬው 423 ጽፌያለሁ።

ጥያቄ 7 ጋ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። ሀ) 2/7፣ ለ) 2/12፣ ሐ) 7/12፣ መ) 1/7። ሀ ዓይኗን ጨፍና ጠቀሰችኝ። ያኔ ምስሩ ታወሰኝ። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። የ12 ግማሽ 6 ነው። ከግማሽ በላይ ያለችው አንዲት ብቻ ናት። ሐ።

በኋላ መምህሩ የተሳሳቱት ምርጫዎች በዘፈቀደ እንዳልተቀመጡ ነገረን። 2/7 የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ለሚደምር ተማሪ የተዘረጋች ወጥመድ ናት። 2/12 የጋራ ታህቱን አግኝቶ ላዩን ሳይነካ ለሚተው ናት። ስለዚህ ልጁ ስንት አመጣ ከማለት የትኛውን ስህተት መረጠ ማለት ይሻላል አለ። 1/7 ለማን እንደሆነች አልጠየቅኩም፤ ባለ ሙሉ ልብሱ አባት እሷን ነው የመረጡት።

ውጤት ተነበበ። አንደኛ የባጃጁ ልጅ፣ 15። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ጥያቄዎቹን ሳያነብ ሁሉንም ሐ ብሎ 5 አመጣ። ከአራት ምርጫ አንዱን በጭፍን የሚነካ ሰው ከሃያ የሚጠበቅለት ይሄው ነው አለ መምህሩ። እኔ 8። ዲግሪ ይዤ ከዕድል የበለጥኩት በሦስት ነው።

ወረቀቱን መለሰልን። ከታች በኩል ያለችውን መስመር በእስክሪብቶ አስተካክሏታል፦ «የልጅ ፊርማ»።

ማታ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መነጽሯን አስተካክላ አየችው። አልተቆጣችም። ስለ ኩራዝም አላነሳችም። እሱ ይበልጥ አሳቀቀኝ።

«ጥያቄ 7 ልክ ነህ» አለች በመገረም። «ግን አሠራሩ የለም። አሠራሩን አሳየኝ።»

አማቴ ከወጥ ቤት ሆነው ሳቁ። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ስልኬ ሳሎን ቻርጅ ላይ ነው።